ተርጓሚው ዝም ያለላት በቅሎ

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ጎፋ፣ ከቤታችን አጥር ጋር በተያያዘች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የእግር መኪናውን አስቀምጦ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ሱሪ፣ የተቀደደ ካፖርት፣ የመጣለትን ሁሉ ይሰፋል። ከበግ በቀር እንስሳ ነክቶ አያውቅም፤ በጉንም ቢሆን ለፋሲካ እየጎተተ ሲያመጣ ማን ማንን እንደሚጎትት ስለማይለይ ጎረቤት ወጥቶ ይስቅበት ነበር። ለሚሊሺያ ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከዘመተ ከወራት በኋላ በላከው ደብዳቤ ላይ «በቅሎ ጫኝ ሆኛለሁ» የሚለውን ሳነብ እናቴ አላመነችኝም።

«በደንብ አንብቢው» አለችኝ።

ደገምኩላት። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ መሠረተ ትምህርት ተምራ የምስክር ወረቀቷን ግድግዳ ላይ ሰቅላለች፤ የአባቴ እጅ ጽሑፍ ግን እንደ ጉንዳን መንገድ ስለሚጠማዘዝባት የቤቱ ደብዳቤ አንባቢ እኔ ነበርኩ።

«መርፌ መያዝ የሚችል ማን ነው ሲሉ እጄን አወጣሁ» ይላል ደብዳቤው። «የወታደር ልብስ የሚያሰፉኝ መስሎኝ ነበር። ለካ የተቀደደው የበቅሎዎቹ ኮርቻ ኖሯል። እሱን ሰፍቼ ስጨርስ እዚያው እንድቀር አዘዙኝ። አሁን አንዲት ዳማ በቅሎ በእጄ ናት። ግራ ጆሮዋ ጫፉ የተቆረጠ ነው። ተራራው ላይ ላሉት ልጆች ውሃ እናመላልሳለን። ሽቅብ ስንወጣ ጭራዋን እይዝና እሷ ናት የምትጎትተኝ።»

እናቴ በሳቅ ፈነዳች፤ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ግን በዚያች በቅሎ ኮራሁ። ደብዳቤውን ይዤ ከእኛ አጠገብ ተከራይቶ ለሚኖረው መምህር ጭምር አነበብኩለት። መምህሩ ወጣት ነው፤ ከውጭ አገር ተምሮ የተመለሰው በቅርብ ነበር። እጁን አገጩ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ከሰማኝ በኋላ፣ «የታደለች በቅሎ ናት። የግል ልብስ ሰፊ አላት» አለኝ።

በዚያው ዓመት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ ፊልም ይታያል ተባለ። ለልጆች የተሠራ የካርቱን ፊልም ነው፤ የመጣው መምህሩ ከተማረበት አገር ነው፤ ስለዚህ በማይክራፎን የሚተረጉመው እሱ ነው። መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ተሸፈኑ። ግድግዳው ላይ የሴቶች ማኅበር ያዋሰው ነጭ አንሶላ ተወጠረ። እኛ ልጆች ፊት ለፊት ምንጣፍ ላይ ተጠቀጠቅን፤ ትልልቆቹ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እናቴ ግን አግዳሚውን ትታ መጥታ ከጀርባዬ ቁጭ አለች። ልጅ ወይ ባል የዘመተባቸው ብዙ ሴቶች እንደ እሷ ጠጋ ጠጋ ብለው ነበር። ሊቀመንበሩ አጭር ንግግር አደረጉ፣ አጨበጨብን፣ መብራት ጠፋ።

ፊልሙ የአንድ ውሻ፣ የአንዲት እርግብና የአንዲት በቅሎ ታሪክ ነው። ሦስቱም አንድ እርሻ ላይ ተጣልተው ተኳርፈው የሚኖሩ ናቸው፤ ጦርነት ሲመጣ ሦስቱም ይዘምታሉ። ውሻው መድኃኒት ያደርሳል፤ እርግቧ መልእክት ታደርሳለች፤ በቅሎዋ በረዶ በለበሰ ተራራ ላይ ጭነት ታወጣለች። መምህሩ ለሦስቱም የየራሳቸውን ድምፅ ሰጣቸው። ውሻውን እንደ ቀበሌ ዘበኛ በወፍራሙ አናገረው። እርግቧን እንደ ታክሲ ረዳት አጣደፋት፤ «ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ፣ ሞልቷል!» ስትል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። በቅሎዋን ግን ለስለስ ባለ፣ ትንሽ በደከመው የእናት ድምፅ ነበር የሚያናግራት። ስታጉረመርም እንኳ አንጀት ትበላለች።

«እማዬ፣ የአባዬ በቅሎ እንደዚህ ናት» አልኳት ዞሬ።

«እሺ፣ ፊትሽን አዙሪና እዪ።»

ወደ ፊልሙ መጨረሻ ላይ በቅሎዋ ጫፍ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ጉልበቷ ከዳት። በፊት እግሯ ተንበረከከች፤ ከዚያ በጎኗ ጋደለች። በረዶው ይወርድባታል። ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሯት ሲጓዝ የነበረው ሽማግሌ ወታደር አጠገቧ በርከክ ብሎ አንገቷን ዳሰሰና ቀስ እያለ መናገር ጀመረ።

መምህሩ ዝም አለ።

ሽማግሌው ይናገራል፤ ከማይክራፎኑ ግን ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣው። አዳራሹ ጠበቀ። የፊልሙ ማሽን ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከኋላ አንድ ሰውዬ «ተርጉም እንጂ!» ሲል ጮኸ። ቀና ስል መምህሩ የሚያየው አንሶላውን አልነበረም፤ እኔን ነበር።

«ደክሟት ነው ይላል» አለ በመጨረሻ። «ትንሽ ትተኛ ይላል። ስትነቃ እንቀጥላለን።»

ፊልሙ ውስጥ ወታደሮቹ አንድ በአንድ ቆባቸውን አወለቁ።

«እማዬ፣ ቆባቸውን ለምን አወለቁ?»

የእናቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ጠበቅ አደረገችው። «እንዳይቀሰቅሷት ነው» አለችኝ።

አመንኳት። ያን ሳምንት ለአባቴ ደብዳቤ ጻፍኩ። ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረኩለትና ከታች በእርሳስ የተኛች በቅሎ ሣልኩ። «በቅሎህ ሲደክማት አትምታት። አስተኛት። አንተም ቆብህን አውልቅ» አልኩት።

መልሱ ከረምረም ብሎ መጣ። ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። የእጅ ጽሑፉ ቀጥ ያለና የሚያምር ስለነበር እናቴ ራሷ አነበበችው። ያን ጊዜ ነው ፊቷ የተለወጠው፤ የአባቴ እጅ አልነበረማ። «ልጄ፣ እንዳልሽው አስተኝቻታለሁ። እኔም ደህና ነኝ፣ ትንሽ እግሬን አሞኝ ነው» ይላል። የጻፈችለት የሆስፒታል ነርስ መሆኗን በኋላ ነው ያወቅነው።

አባቴ ክረምቱ ሊገባ ሲል በምርኩዝ መጣ። ቀኝ እግሩን ይጎትታል፤ ቀኝ ጆሮው አይሰማም። ከስቶ ካፖርቱ ውስጥ የጠፋ ይመስላል። ጎረቤት እንኳን ለቤትህ አበቃህ ብሎ እስኪሄድ ታግሼ በደህናው ጆሮው በኩል ተቀመጥኩ።

«በቅሎዋን ለማን ሰጠሃት?»

እናቴ ከጓዳ በር ላይ ሆና ራሷን ነቀነቀችለት፤ አትንገራት ማለቷ ነበር። አባቴ አየት አደረጋትና ወደ እኔ ዞረ።

«ሞተች ልጄ።»

«ተኝታ ነው ብለህ ጽፈህ የለ?»

«ዋሽቼሽ ነው። እዚያ አልጋ ላይ ሆኜ ሌላ ነገር መጻፍ አቃተኝ።» ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው ቆጥሮ ነገረኝ። እንደ ሁልጊዜው ጭራዋን ይዞ ሲወጣ ፈንጂ ረገጠች። እሱ ከኋላዋ ስለነበር ብዙውን ፍንጣሪ የተቀበለችው እሷ ናት። እግሩ ተመትቶ መነሣት አልቻለም፤ ፀሐዩ ደግሞ አናት ይበሳል። የጫነቻቸው ጀሪካኖች ተበሳስተው ነበር። እየተሳበ ጎኗ ሥር ገባ። «ጥላዋ ነበር። ከጀሪካኑ የሚንጠባጠበውን በመዳፌ እያጠራቀምኩ ጠጣሁ። እስኪያገኙኝ ድረስ ያቆየኝ እሱ ነው። እንግዲህ ከሞተች በኋላም ውሃዬን ይዛልኝ ነበር።»

አላለቀስኩም። የተሰማኝ ንዴት ነበር፤ በአባቴ ሳይሆን በሌሎቹ። ተነሥቼ በቀጥታ ወደ መምህሩ ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ደብተር ሲያርም አገኘሁት።

«የፊልሟ በቅሎ ሞታለች አይደል?»

ቀይ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ሞታለች።»

«ታዲያ ለምን ተኝታ ነው ተባለ?»

«አንቺን አየሁሽና አፌ አልታዘዝ አለኝ። ብዙ ቋንቋ ተምሬያለሁ፤ ያንን ቃል ግን በዚያች ሰዓት በአንዱም ማለት አልቻልኩም።» ደብተሩን ከደነና፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ሽማግሌው ግን ምን ነበር ያለው?»

«'ጭነቷን አውርዱላት። ካሁን በኋላ ይብቃት' ነው ያለው።»

ቤት ተመልሼ ለአባቴ ነገርኩት። መጀመሪያ በማይሰማው ጆሮው በኩል ስለተናገርኩ ዞሬ ደገምኩለት። ራሱን ከላይ ወደ ታች ነቀነቀ።

ከዚያ በኋላ በአንድ እግሩ ብቻ መኪናውን መርገጥ ለመደ፤ ሥራው ቀስ እያለ ተመለሰ። አንድ ቅዳሜ መካኒሳ አቦ ተሳልመን ስንመለስ አንዲት አሮጊት ከላፍቶ በኩል ገለባና ኩበት የጫነች አህያ እየነዱ ሲመጡ አገኘናቸው። ገመዱ የአህያዋን ጀርባ በልቶት ገጣባ ሆናለች፤ ዝንቡ ሰፍሮባታል። አባቴ በምርኩዙ መንገዱን ዘጋ።

«እናቴ፣ ይችን አህያ ለጥቂት ቀን አይጫኗት።»

«ታዲያ እኔ ልሸከመው ልጄ?»

«ጀርባዋ ይታጠብላት፣ ይድረቅላት። እኔ ከጭነቱ ሥር የሚሆን መደላድል እሰፋላታለሁ።»

አሮጊቷ ካፖርቱን፣ ምርኩዙን፣ ከዚያ እኔን አዩ። ሰውዬው ጤነኛ መሆኑን የሚጠይቁኝ መሰለኝ። እኔም «ጎበዝ ልብስ ሰፊ ነው፣ ለጦሩም ሰፍቷል» አልኩ። ተያይዘን ወደ ቤት መጣን። እናቴ ቁስሉን ለብ ባለ የጨው ውሃ አጠበችው፤ አሮጊቷ የአህያዋን ጆሮ ይዘው «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይሏታል። አባቴ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና ከትከሻዋ እስከ ወገቧ፣ ከዚያ ዙሪያዋን ለካ። ቁጥሩን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። የሠፈር ሰው አጥሩ ላይ ተደርድሮ «ልብስ ሰፊው ለአህያ ኮት ያዘ!» እያለ ይስቃል። እሱ ዞር ብሎም አላያቸው፤ በደህናው ጆሮው በኩል ስላልነበሩ መስማቱንም እንጃ።

በሳምንቱ አሮጊቷ አህያዋን ባዶዋን እየነዱ መጡ። አባቴ ጆንያ በጆንያ ላይ ደርቦ፣ ውስጡን በጭድ ሞልቶ፣ ቁስሉ ላይ የሚያርፈውን ቦታ ክፍት አድርጎ የሰፋውን መደላድል አለበሳት። አህያዋ ቆዳዋን አንዴ አርገፈገፈችና ቆመች። አሮጊቷ እጃቸውን ከሥሩ አስገብተው ዳሰሱት፤ የትም አይቆረቁርም።

«እንዴት ልክክ አለላት በል?»

«ሲለኩ ቀጥ ብሎ መቆም ነው ዋናው» አላቸው አባቴ፣ በአፉ የያዘውን መርፌ አውጥቶ ኮሌታው ላይ እየሰካ። «እሷ ከብዙ ደንበኞቼ ትሻላለች።»