ጠረጴዛዬ ላይ የሠራሁት ሶላር መንጌ ሲገባ

ቅዳሜ ጠዋት፣ አሶሳ

ዛሬ መንገድ የጀመርኩት በገዛ እጄ የሠራሁትን ሶላር ታቅፌ ነው። ሴሎቹን አንድ በአንድ በይጄ፣ በመስታወትና በአሉሚኒየም ፍሬም አሽጌ፣ ጓሮዬ ውስጥ አምፖል ያበራሁበት ሶላር! አሶሳ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ወላጆቼ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው፤ ጉራም ትንሽ አያጣኝም። ባለቤቴ ግን "ሱቁ ሁሉ ሶላር ሞልቶ እያለ" ብሎ ሲያላግጥብኝ ከረመ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

ሶላሩ የሚሄደው ለጓደኛዬ ለሃዋ ነው። ሃዋ ከመንጌ ወዲያ ባለች ቀበሌ አዋላጅ ናት። ጤና ጣቢያው መብራት ስለሌለው ሌሊት የምታዋልደው በስልኳ ብርሃን ነው። "እኔ እሠራልሻለሁ" ብዬ ቃል ገባሁላት። ሰሞኑን የምትወልድ ሴት እንዳለች ስትነግረኝ ቅዳሜን ጠብቄ ተነሳሁ።

የሚኒባሱ ረዳት ሶላሩን አይቶ "ቲቸር፣ እሱን ከላይ እንሰረው" አለኝ።

"ልጄን ከላይ ልትጭናት?"

"ልጅ ከሆነችማ የአንድ ሰው ሂሳብ ትከፍላለች።"

ተሳሳቅን፤ እኔም ከፈልኩና ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ቀዩ አቧራ በመስኮት ይገባል፣ ቀርከሃው ከግራ ከቀኝ ያልፋል፤ መኪናው በቆመ ቁጥር ሴቶች ማንጎ ይዘው ይመጣሉ። አራት ማንጎ ገዝቼ ሁለቱን ለረዳቱ ሰጠሁት።

ከሰዓት፣ ከመንጌ ወዲያ

ከመንጌ በኋላ ያለው ሞተር ነው። ሞተረኛው ድንጋዩን ሁሉ እየመረጠ የሚሄድበት መሰለኝ። ደርሼ ከሃዋ ጋር የማሽላ ገንፎ በባምያ ወጥ በላን። ከዚያ ሶላሩን ፀሐይ ላይ አቁሜ፣ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እያየኝ ቮልት የሚለካውን ቴስተር አገናኘሁ። ዜሮ። ገልብጬ ሞከርኩ፤ አሁንም ዜሮ። ላብ አጠመቀኝ።

መስታወቱን ፈትቼ ሳይ ሁለቱን የሴል ረድፎች የሚያገናኘው ሽቦ ተበጥሷል። ሴሎቹ እጅ ለእጅ የተያያዙ ናቸውና አንዱ ሲላቀቅ ሁሉም ዝም ይላል። ጥፋቱም የሞተረኛው አልነበረም። እንዲያምርልኝ ብዬ ሽቦውን ወጥሬ የበየድኩት እኔ ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ጉድጓድ የለማ! መበየጃ ይዣለሁ፤ እሱም የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። መብራት ላመጣ ሄጄ መብራት አጥቼ ቆምኩ። አፈርኩ።

"እሳት ብቻ ነው የምትፈልጊው?" አለችኝ ሃዋ።

"እሳትና የሚግል መዳብ።"

"እንግዲያ ሐጂ ጋ እንሂድ።"

የሐጂ ምድጃ

ሐጂ ሙሳ ሴቶች ከወንዝ በገበቴ አጥበው የሚያመጡትን ወርቅ የሚገዙ ሽማግሌ ናቸው። ወርቁን ከሰል ላይ አግለው፣ አጽድተው ነው የሚመዝኑት። ደጃቸው ላይ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ነበሩ፤ ነገሩን በበርታ ቋንቋ ከሃዋ ሲሰሙ ቦታ ለቀቁልን።

"መስታወት ውስጥ ፀሐይ አስገባ ይላል። አንቺ ነው?" አሉኝ ሐጂ፣ ወንድና ሴት በሚያደባልቅ አማርኛቸው።

"ልጨርሰው ነው የመጣሁት፣ ሐጂ።"

"ያላህ፣ ግባ! ከሰል አለ። በወርቅ ይያዝ ካልሽም ወርቅ አለ፤ ሃዋ ይከፍላል!"

ደጁ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። የመበየጃዬን የመዳብ ጫፍ ነቅዬ በጉጠታቸው ያዝኩና ከሰሉ ውስጥ ከተትኩት። እሳቸው ወናፉን ይነፋሉ፣ እኔ የመበየጃውን እርሳስ አቀልጣለሁ፣ አንዲቷ ሴት አቧራ እንዳይገባ ነጠላዋን ዘርግታ ትከልላለች። በትርፍ የያዝኩትን አዲስ ሽቦ ዘና አድርጌ፣ ጎበጥ አድርጌ በየድኩት። መንገድ ቢያንገጫግጨው የሚላወስበት ቦታ ይኑረው ብዬ ነው። ሐጂ ደጋግመው አዩትና "ይሄ ይይዛል" አሉ።

ውጭ አውጥተን ስንለካው ቴስተሩ ዐሥራ ስምንት ቮልት አለ። ኮራሁ። ማን ይከለክለኛል? ሐጂ ደግሞ ከእኔ ብሰው መንገደኛውን ሁሉ እየጠሩ "እኛ ሠራን" ይሉ ነበር፤ እውነታቸውን ነው። እሑድ ጤና ጣቢያው ጣሪያ ላይ አስረነው፣ ሃዋ ቀድማ ያዘጋጀችው ባትሪ ሲሞላ ዋለ። አመሻሹ ላይ ማዋለጃው ክፍል ውስጥ አምፖሉ በራ፤ ወርቅ አጣቢዎቹ እልል አሉ።

ወደ ቤት

ሰኞ አሶሳ ስገባ ባለቤቴ "ሠራ ወይ?" አለኝ። ለሰዓታት አወራሁለት። የተማርኩትንም ነገርኩት፤ ለገጠር የሚሠራ ነገር መንገዱም አብሮ ይታሰብበታል፣ የሚያምረውን ሳይሆን መንገጫገጭ የሚችለውን ሽቦ ነው የሚበይዱት። አላላገጠም።

በሳምንቱ አጋማሽ ሃዋ ደወለች።

"ሌሊት አንዷን አዋለድኩ። ሁለቱም ደህና ናቸው።"

"መብራቱስ?"

"ሲበራ አደረ። ታውቂያለሽ፣ ድሮ ሁለቱም እጄ ሥራ ላይ ስለሆነ ስልኩን በጥርሴ ነክሼ ነበር የማዋልደው። እናትየው ትጮኻለች፣ እኔ መመለስ አልችልም። ትናንት ግን አፌ ነፃ ነበር። እስክትወልድ ድረስ አይዞሽ፣ አይዞሽ አልኳት።"