ሳፋ ሥር የዋለው እባብ

እባቡ ላይ ሳፋ የደፋሁት እኔ ነኝ። ጉለሌ ነበር ቤታችን፤ ጊዜው የደርግ ጊዜ። ልብስ አጥቤ እጣቢውን እንደደፋሁ፣ ከድንጋይ አጥሩ ሥር ተስቦ ወጣና ልጄ ወደተቀመጠችበት ሰሌን አቀና። የዘጠኝ ወር ልጅ ናት፤ መዳህ መጀመሯ ነው። ምን እንዳደረግሁ እንጃ! ብቻ ሳፋው ተደፍቷል፣ እኔ እላዩ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ለመጮህ አፌን ብከፍት ድምፄ እምቢ አለኝ።

አማቴ ከጓዳ ወጥተው አገኙኝ። አንድ ትልቅ ድንጋይ አምጥተው ሳፋው ላይ ጫኑልኝና፣ "እንዳትገድዪው!" አሉ ገና ምን እንደሆነ ሳይነገራቸው በቅጡ።

እንዲህ ናቸው አማቴ። ልጃቸው፣ የኔ ባል ማለት ነው፣ ከታሰረ ወዲህ፣ "በእግሩ እስኪገባ ድረስ በዚህ ግቢ ደም አይፈስም" ብለው ለሚካኤል ተስለዋል። ስለታቸው ደግሞ ቀልድ የለውም። ፋሲካን ያለ ዶሮ አሳለፍን። ለአይጥ ወጥመድ አላስጠመዱም። ጎረቤት ዶሮ ሊያርድ ቢላ ቢጠይቃቸው የለኝም ብለው መለሱት፤ እሳቸው፣ ውሸት የማያውቁት ሴትዮ!

እኔ ግን እሳቸው የማያውቁትን አውቅ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ስንቅ ይዤ እስር ቤቱ በር ስደርስ፣ ዘበኛው ሰሀኑን አልቀበል አለና የተጠቀለለ የባሌን ልብስ አስታቀፈኝ። "ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ" አለኝ። ያኔ የዚህ ቃል ትርጉም የማይገባው ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አልነበረም፤ ገድለውታል ማለት ነው። ማልቀስም ክልክል ነው። ለቅሶ የተሰማበት ቤት ቀበሌ ይመጣል፣ "ለፀረ አብዮተኛ ነው እንባችሁ?" ይባላል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ያውቃል። እኔ ከተወሰድኩ ልጄን ማን ያሳድጋታል? አማቴ ከሰሙ ደግሞ በጩኸት መንደሩን እንደሚያነቃንቁት ስለማውቅ ዋጥ አደረግሁት። ልብሱን እናቴ ቤት ደበቅሁ። ሮብና እሑድ፣ እሳቸው የሠሩትን ስንቅ ይዤ እወጣና ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላሉ ነዳያን አብልቼ ባዶውን ሰሀን ይዤ እመለሳለሁ።

"በላልኝ?" ይሉኛል።

"በላ፤ ደህና ነው" እላለሁ። ውሸታም አደረጉኝ እነዚያ ገዳዮች፣ እግዜር ይይላቸው!

እናም ሳፋውን መሀል አድርገን ተሟገትን። እፉኝት ብትሆንስ እላለሁ እኔ፤ ባትሆንስ ይላሉ እሳቸው። ማን ይለይልን? ደግነቱ እንጨት የምታቀርብልን ሴት ከእንጦጦ እየወረደች ነበርና አማቴ ጠሯት። ሸክሟን አጥሩ ላይ አስደግፋ ገባች። እሷ ጫካው ውስጥ ቅጠል ስትጠርግ የስንቱን እባብ ዓይነት አይታለች። ድንጋዩን አውርዳ የሳፋውን አንድ ጠርዝ በጭራሮ ቀና አድርጋ ጎንበስ አለች። ሳትቸኩል በወጉ አየችው።

"እፉኝት አይደለም" አለች። "እፉኝት አጭርና ወፍራም ናት፤ ጭንቅላቷ ሰፊ፣ ጅራቷ ቁርጥ ያለ። ይሄ ቀጭን ነው፣ አንገቱና ጭንቅላቱም እኩል ነው። አይጥ ፍለጋ መጥቶ ነው። ሰው አይጎዳም፣ ልቀቁት።" ሳፋውን ደፍታ ድንጋዩን መልሳ ጫነችበትና ሸክሟን አንስታ ወደ ሽሮ ሜዳ ወረደች።

"ሰማሽ?" አሉ አማቴ።

መስማቱንማ ሰማሁ። ግን ሁለት ወር ከዋጥኩት ነገር የተነሳ፣ አንድ ነገር ካልገደልኩ የምፈነዳ መሰለኝ። አካፋውን አነሳሁ። "እገድለዋለሁ! የቀረችኝ ልጄ ብቻ ናት!"

እጄን ጨምድደው ያዙኝ። "ስለቴን አታፍርሺብኝ! ልጄ ቢቀርብኝ በአንቺ ነው!"

"እማማ፣ እሱማ ቀርቷል!"

ምነው አፌን በቆረጠው! "ሁለት ወሩ ነው። ልብሱን መልሰውልኛል።"

መንደር ያነቃንቃሉ ብዬ የፈራኋቸው ሴትዮ ትንፍሽ አላሉም። ወደ ውጭው በር ተመለከቱ፤ ቀበሌው ከኛ ግቢ ቢርቅ አራት ቤት ነው። አፋቸውን በነጠላቸው አፍነው ቆሙ። ከዚያ "ልጅቷን አንሻት" አሉኝ ቀስ ብለው።

አነሳኋት። ጎንበስ ብለው ድንጋዩን አንከባለሉ፣ ሳፋውንም ገለበጡት። እባቡ ለአፍታ ባለበት ቆየና ወደ አጥሩ ተስቦ ድንጋዮቹ መሀል ገባ። ጅራቱ እስኪጠፋ ድረስ ጠበቁት። ከዚያ ነጠላቸውን ከላያቸው ላይ ጣሉና፣

"እባብ! ኧረ የሰው ያለህ! እባብ!" ብለው ጮኹ።

ጎረቤቱ ዱላና መጥረጊያ ይዞ ደረሰ። አማቴ መሬት ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን ይደቃሉ፤ እኔም ልጄን አቅፌ፣ ባሌ ከሞተ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን አንግቶ መጣ።

"ምንድን ነው ይሄ ለቅሶ?"

አጥር የሚያዋስነን ሽማግሌ ሸማኔ አማቴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አንዳች ያልነካት ልጄን አዩ። "እባብ ገብቶባቸው ነው፣ ደንግጠዋል" አሉት፤ በዱላቸውም አጥሩን ይመቱ ጀመር። ሌሎቹም ወንዶች ተከተሏቸው። ሴቶቹ አማቴን ከበው፣ "አይዞዎት፣ እባብ ነው፣ አይዞዎት" እያሉ አብረዋቸው አለቀሱ።

ጠባቂው ጥቂት ቆሞ ሄደ። ወንዶቹ ግን አልሄዱም። አማቴ አልቅሰው እስኪወጣላቸው ድረስ፣ አጥሩን እየዞሩ፣ አንዲት ድንጋይ ሳያነሱ እባብ ሲፈልጉልን ዋሉ።