አባየ ያሉበት ሃርድ ዲስክ

አባየ በዲማ ደብር የዜማ መምህር ነበሩ። የጉሮሮ ሕመማቸው ነፍሳቸውን ትቶ ድምፃቸውን ሲወስድ ደብረ ማርቆስ እኔ ዘንድ አመጣኋቸው። ከሹክሹክታ በላይ አይወጣቸውም። ከዜማቸው የተረፈው ደህና ሳሉ የቀዳሁት ብቻ ነው፤ እሱም ያለው እኔ ኮምፒውተር ላይ ነው። ተማሪዎቻቸው ገበያ ሲወጡ ጎራ እያሉ በፍላሽ ይወስዱ ነበር።

ጣጣው ከፍላሹ ጋር መጣ። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ዞሮ የሚገባ ፍላሽ ቫይረስ ሳይዝ መጥቶ አያውቅም። ዛሬ ፎልደር ይሰወራል፣ ነገ ማሽኑ አልነሳም ይላል። ሰለቸኝ። ለመሥሪያ ቤት ሥራዬ የሚያስፈልገኝን ዊንዶውስ ሳልነካ አጠገቡ ይህ ቫይረስ የማይደፍረውን ሊኑክስ ልጭንና ስከፍት አንዱን ልመርጥ ቆረጥኩ። የአባየን ዜማ ደግሞ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገዝቼ፣ እዚያው ማሽን ውስጥ ገጥሜ ለብቻው አዛወርኩት።

እኔ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። ጭነቱን ጀምሬ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ መብራት ሊጠፋ ነው እያልኩ አምፖሉን አያለሁ። በመጨረሻ «የትኛው ዲስክ ላይ ልጫን?» የሚል ጥያቄ መጣ። ሁለቱም ተዘርዝረዋል፤ መጠናቸው አንድ፣ ሥሪታቸው አንድ። ዊንዶውስ ሲ እና ዲ ብሎ የለየልኝን ይኼኛው አያውቀውም። አንደኛው ይሆናላ ብዬ ማውሱን ወሰድኩበት። ጣቴ ግን እሺ አላለኝም፤ እንደገና ተነሳሁ።

አባየ መደቡ ላይ ሆነው ያዩኛል። «ምንድን ነው እንዲህ የሚያቁነጠንጥሽ?» አሉ።

«አንዱን ዲስክ ለሁለት ከፍዬ አዲስ ነገር ልሠራበት ነው። ሌላው ላይ እርስዎ አሉበት። የቱ የቱ እንደሆነ አልለይ አለኝ። ከተሳሳትኩ ይጠፋሉ።»

ማሽኑን አዩት። ከዚያ፣ «ታቦቱ አልወጣም?»

«አባየ፣ አሁን የምን ታቦት አመጡብኝ!»

«የደብሩን ጣራ ስናድስ በፊት ምን አደረግን? ታቦቱን አውጥተን መቃኞ አስገባን፤ ጊዜያዊ ቤቱ ውስጥ። አናጢው የገባው ከዚያ ወዲያ ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። መዶሻ ይስታል።»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ላብ አጠመቀኝ። ማሽኑን አጥፍቼ ሆዱን ከፈትኩና የአዲሱን ዲስክ ገመድ ነቀልኩ። ዲስኩን አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ በነጠላቸው ጫፍ ተቀብለው ጭናቸው ላይ አኖሩት። መልሼ ሳስነሳ የተዘረዘረው አንድ ዲስክ ብቻ ነበር። ጫንኩ። ዊንዶውስና ሊኑክስ ለምርጫ ተደርድረው ሲመጡ ማሽኑን አጥፍቼ የአባየን ዲስክ ወደ ቦታው መለስኩት። ዝርዝሩን ብከፍት በአንደኝነት የተቀመጠው የሳቸው ነው። ቅድም ማውሱን የወሰድኩት እሱ ላይ ነበር።

አንዱን ቅጂ ከፈትኩላቸው። ያ ወፍራም ድምፅ ክፍሉን ሞላው። አባየ ዓይናቸውን ጨፍነው በመቋሚያቸው ወለሉን ቀስ እያሉ መቱ። እኔ ፊት ፊታቸውን አያለሁ፤ እንዲያመሰግኑኝ ቸኩያለሁ።

ዜማው ሲያልቅ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ይህ ሰውዬ» አሉ በሹክሹክታ፣ «ደህና ድምፅ ነበረው።»

እርስዎ እኮ ነዎት ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ትቼው ቀጣዩን ቅጂ አስጀመርኩላቸው።