ኳሱ መጀመሪያ ለአምበሉ

ቡድናችን ሰሞኑን ለምን እንደሚሸነፍ ደሴ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም። ሰኞ ገበያ ድንች ስገዛ ሻጯ አሰልጣኙን ረገመችልኝ። ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ ዳኞቹን፣ ረዳቱ በረኛውን ከሰሱ። የደሴው ሜዳችን እየታደሰ ስለሆነ የሜዳችንን ጨዋታ የምናደርገው ኮምቦልቻ ወርደን ነው፤ በዚህ የተነሳ «የጦሳ ተራራ ብርድ ያሳደገው ልጅ ቆላ ወርዶ እንዴት ይሩጥ?» የሚሉም ሞልተዋል። ይህኛው ክርክር ትንሽ ሚዛን ይደፋል ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ከደሴ የባሰ የሚበርድበት ከተማ ሄደንም አላሸነፍንም።

እኔ ሜዳ ገብቼ ድምፄ አይሰማም። አልጮህም፣ አልዘፍንም፤ ተቀምጬ አያለሁ። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ከደሴ ዙሪያ የገጠር ቤታችን ወጥቼ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስቀጠር ፊደል እንኳ በቅጡ አልለየሁም ነበር፤ ከፈረቃ እየወጣሁ፣ በዕድሜ ከሚያንሱኝ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ እየተቀመጥኩ ነው የተማርኩት። ዘግይቶ ማንበብ የጀመረ ሰው መስመር መዝለል አይሆንለትም። ኳስም የማየው እንደዚያው ነው። ጎል ሲገባብን ሰው ሁሉ በረኛውን ያያል፤ እኔ ኳሱ ከየት ተነስቶ እዚያ እንደደረሰ ወደኋላ እያሰብኩ እቀራለሁ። አሁን ፋብሪካ ውስጥ የተሸመነ ጨርቅ መርማሪ ነኝ፤ የሥራ ጓደኞቼ «አንቺ ሰርግ ቤትም የምታዪው የመጋረጃውን ስፌት ነው» ይሉኛል። አያጋንኑም።

እዚህ የማስቀምጠው ስለ ቡድኑ አቋም የራሴን ግምገማ ነው። ግን አስቀድሜ መናገር ያለብኝ ነገር አለ፤ አምበሉ ታናሽ ወንድሜ ነው። የመጀመሪያው ዙር ባለቀ ዕለት፣ ለሁለተኛው ልቀጥል ወይስ ላቁም ብሎ የጠየቀውም እኔን ነው። ስለዚህ ግምገማዬ እንደ ሌላው ደጋፊ ወሬ ሚኒባስ ውስጥ ተረስቶ የሚቀር አልሆነም።

በዙሩ መጨረሻ ያደረግናቸው ጨዋታዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። ኳሱን እንይዛለን። ተጋጣሚያችን ወደኋላ ይሰበሰባል። ደጋፊው ያጨበጭባል። ከዚያ ምንም የለም። ቆይቶ አንድ ኳስ ይነጠቅብናል፣ ሁለት ሰው እየሮጠ ይመጣል፣ ጎል። ኮምቦልቻ ላይ በራሳችን ደጋፊ ፊት እንደዚህ ተሸነፍን፤ ከሜዳችን ውጪ አቻ ወጣን፤ እንደገና ኮምቦልቻ ላይ ተሸነፍን። ነገሩ የተገለጠልኝ በዚህ በመጨረሻው ሽንፈት ነው።

መሐል ሜዳ ላይ የሚጫወት ከገራዶ የመጣ ወጣት አለን፤ ቀጭን ነው፣ ዓይኑ ፈጣን። ኳሱን ተቀበለ። የግራ ክንፍ አጥቂያችን ብቻውን ነበር፤ ከፊቱ እስከ ማዕዘኑ ድረስ ባዶ ሣር። ወጣቱ አየው። ማየቱን አውቃለሁ፤ አንገቱ ወደዚያ ዞሯል፣ ትከሻውም ተከትሎታል። ከዚያ እግሩ ሐሳቡን ለወጠ። ኳሱን ወደኋላ መልሶ ለወንድሜ ሰጠው። ወንድሜ ኳሱን ከእግሩ ሥር አደረገ፣ ቀና አለ፣ ሰው ፈለገ፤ እስኪያገኝ ድረስ የክንፉ ባዶ ቦታ ተዘጋ።

አንድ ጊዜ ቢሆን ምንም አይደል። ከዚያ በኋላ ግን እየጠበቅኩ ማየት ጀመርኩ። ተከላካዩም፣ የክንፍ ተጫዋቹም፣ አጥቂው ሳይቀር፣ ከፊቱ መንገድ እያለለት መጀመሪያ ወንድሜን ይፈልጋል።

ከኋላዬ የሚቀመጥ አንድ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር አለ። ምላሱ ዳኛም አሰልጣኝም አይምርም። እሱም ነገሩ ገብቶት ኖሮ ድንገት ተነሳ።

«አቦ ልቀቋት! ኳሷ አያ የምትሉት ሰው ጋ ሄዳ ሳትመረቅ አታልፍም እንዴ?»

አካባቢው በሳቅ ፈረሰ። አጠገቡ የነበረ ሰው በክርኑ ጎሸም አደረገውና በአገጩ ወደ እኔ አመለከተው።

«የማን እህት?» አለ ሹፌሩ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «እህቴ፣ አውፍ በይኝ። ልጆቹን ነው እንጂ ወንድምሽን አላልኩም።»

«ልክ ነዎት» አልኩት።

«ምን አልሽ?»

«ልክ ነዎት ነው ያልኩት። አሁን ይቀመጡ፣ እንይበት።»

ይህ አጨዋወት አሰልጣኝ ያስተማረው አይደለም። ከቤት ይዘውት የመጡት ነው። እኛ ዘንድ ታላቅ እያለ ታናሽ በር ቀድሞ አይገባም። ታላቅ ቢስሚላህ ብሎ ሳይቆርስ ገበታ ላይ እጅ አይዘረጋም። ዱዓ ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚነግር የለም፤ እግር ራሱ ያውቀዋል። እነዚህ ልጆች ደግሞ ወንድሜን የሚያዩት በዕድሜ ስለሚበልጣቸው ብቻ አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ ቡድኑ ተበትኖ፣ ማለያ እንኳ ባልነበረበት ጊዜ፣ በየገጠሩ በእግሩ እየዞረ አባቶቻቸውን «ልጅህን ስጠኝ፣ እኔ እጠብቀዋለሁ» እያለ የሰበሰባቸው እሱ ነው። የገራዶው ልጅ አባት እጁን ይዞ ሲያስረክበው «ከእንግዲህ ታላቁ አንተ ነህ» ብሎታል። ታዲያ ይህ ልጅ ወንድሜን አልፎ ለሌላ ሰው እንዴት ይስጥ? ሳያስበው ነው የሚያደርገው። ቢያስበውማ የሚተወው ይመስለኛል።

ወንድሜ ሠላሳዎቹን አጋምሷል። የዕለት እንጀራው አናጺነት ነው፤ ደሴ ውስጥ በርና መስኮት የሚሠራበት ሱቅ አለው። ኳስ ቢያቆም የሚጎድልበት ገቢ አይደለም። ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው ስሙን የሚጠራው ከኳስ ጋር ነው። መንገድ ላይ «አምበሉ!» ሲሉት ዘወር የሚልበት አኳኋን ሌላ ነው፤ እህት ስለሆንኩ አውቀዋለሁ።

ኮምቦልቻ በተጫወቱ ቁጥር ጨዋታው ሲያልቅ ወደ እኔ ቤት ይመጣል። የዚያን ቀን ሲገባ ጉልበቱ ላይ በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ አስሮ ነበር። ምሳ አቀረብኩለት።

«እታለም» አለኝ፣ «አሰልጣኙ እስከ ጁሙዓ መልስ ስጠኝ ብሎኛል። ልቀጥል ወይስ ይብቃኝ?»

«መጀመሪያ ብላ።»

«በልቻለሁ።»

«ዳር ዳሩን ነካካኸው እንጂ አልበላህም።»

«አየሽ፣ አንቺን የምጠይቅሽ ለዚህ ነው። ሌላው ሁሉ አንበሳ ነህ ነው የሚለኝ። አንቺ ግን እናታችን ለዒድ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ብቅ ስትል እጅጌው አጥሯል ያልሽ ሰው ነሽ።»

«አጥሮ ነበራ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። «አንድ ዙር ጨምር፣ ገና ነህ» ማለት እንዴት ቀላል ነበር። ደስ ብሎት ወደ ደሴ ይወጣ ነበር። እኔም ከዚያ በኋላ ባለው ጨዋታ ሁሉ የዋሸሁትን ነገር ተቀምጬ አየዋለሁ ማለት ነው። ሻይ ቀዳሁለት።

«የገራዶው ልጅ ከእረፍት በፊት የግራ ክንፉን አይቶት ነበር» አልኩት።

«የቱ ጊዜ?»

«ላንተ የሰጠህ ጊዜ።»

«አልጠራሁትም እኮ።»

«አልጠራኸውም። ሳትጠራው ነው የሰጠህ። ሁሉም እንደዚያ ናቸው።»

ሻዩን ተቀበለኝ። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«አውቃለሁ» አለ። «ወላሂ ነግሬያቸዋለሁ። ልምምድ ላይ ሰብስቤ፣ እኔን አትፈልጉ፣ ወደፊት ተጫወቱ ብያቸዋለሁ። እሺ አያ፣ ይላሉ። ፊሽካው ሲነፋ ኳሱ ተመልሶ እኔው እግር ሥር።»

«አንተስ ሳታቆም በአንድ ንክኪ ለምን አታሳልፈውም?»

«ድሮ አሳልፍ ነበር።» ይህን ሲል ያየው ጉልበቱን ነው።

ከዚህ በኋላ ወደኋላ ማለት አልተቻለኝም። «የእግርህ ድካም ብቻ ቢሆን አንድ ዙር ተጫወት እልህ ነበር» አልኩት። «አማካዩ የደከመበት ቡድን ኳሱን በሌላ በኩል ያዞራል። የእኛዎቹ ግን አንተ እያለህ ሌላ በኩል አይታያቸውም። ሜዳ ውስጥ እስካለህ ድረስ እነዚህ ልጆች አያድጉም።»

«ታዲያ ጥፋቴ ምንድን ነው?»

«ጥፋት አለብህ አላልኩም።»

«ሰው ስላከበረኝ ልውጣ?»

መልሱ አዎ ነበር፤ ሳህኑን አነሳሁ። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። በረዶውን ፈትቶ እቃ ማጠቢያው ላይ አስቀመጠና «ደህና ሁኚ» ብሎ ወጣ።

በሁለቱ ዙሮች መካከል ባለው እረፍት አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። መጽሐፍ ከፍቼ አንድ ገጽ ላይ ቆሜ መቅረት ልማዴ አልነበረም፤ ያን ሰሞን ሆነ። ያልኩትን ደግሜ ሳስበው አንድም ቃል የሚታረም አላገኘሁበትም፤ ያም ቢሆን አላጽናናኝም። ለአሰልጣኙ ምን መልስ እንደሰጠው የነገረኝ ሰው የለም።

የሁለተኛው ዙር የመጀመሪያ ጨዋታ ኮምቦልቻ ላይ ነበር። ቡድኑ ወደ ሜዳ ሲገባ ከፊት የሚመራው በረኛው ነው፤ የአምበል ምልክቱን ክንዱ ላይ አስሮ። ወንድሜን ተቀያሪ ወንበር ላይ ፈለግኩት። የለም። በዚህ መሐል አጠገቤ ያለው ሰው ተጠጋና ለሌላ ሰው ቦታ ለቀቀ። የተቀመጠው ሰው ጃኬት ላይ ያልተራገፈ የመጋዝ ብናኝ አለ።

«ከሱቅ ነው የመጣኸው?» አልኩት።

«አዎ። በር አስረክቤ።»

«አሰልጣኙስ?»

«ነገርኩት። ጁሙዓ እስኪደርስም አልጠበቅኩ።»

ጃኬቱን አራገፈና ዓይኑን ወደ ሜዳው አደረገ።

አጀማመራችን አስቀያሚ ነበር፤ ይህን መሸፋፈን አልፈልግም። የገራዶው ልጅ ኳሱን ተቀበለ፣ እንደ ልማዱ ወንድሜ ወደሚቆምበት ቦታ ዞረ፣ እዚያ ማንም የለም። ቆመ። የሚያውቀው ቤት በሩ ተዘግቶ እንዳገኘ እንግዳ ቆመ። ነጠቁት፣ ሮጡ፣ አገቡብን።

ሹፌሩ ከኋላችን ተነሳ። «አምበላችንን መልሱልን! ይኼ አሰልጣኝ ነው ወይስ አፍራሽ?»

ዞርኩ። «ያን ጊዜ ኳሷ ሳትመረቅ አታልፍም ያሉት እርስዎ አልነበሩም?» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ሲወጣ ራሴው ደነገጥኩ።

«ያ ሌላ፣ ይኼ ሌላ!» አለ ምንም ሳያፍር። ከዚያ አጠገቤ የተቀመጠውን አየ። «ውይ! እዚህ ምን ትሠራለህ አንተ? ውረድ እንጂ!»

ወንድሜ እውነትም ብድግ ማለት ጀመረ። አጥሩ ድረስ ወርዶ ልጁን ሊጠራው፣ ቦታ ሊያሳየው መሆኑ ገባኝ። የጃኬቱን ጫፍ ያዝኩ።

«ተቀመጥ።»

«አንድ ቃል ብቻ ልበለው።»

«አንድ ቃል ካልከው እዚህ ድረስ ወጥቶ ኳሱን ሊሰጥህ ነው።»

ተቀመጠ። እጆቹን በጉልበቶቹ መሐል ጨምቆ ያዛቸው።

ከእረፍት በኋላ ልጁ አሁንም በልማዱ ወደ ባዶው ቦታ ዞር አለ፤ ግን አልቆመም። ኳሷን ወደ ግራ ክንፍ መታት። ረዝማ ከመስመር ወጣች። በሌላ ጊዜ ደረሰች፣ ተሻገረች፣ አጥቂያችን በግንባሩ ከአግዳሚው በላይ ሰደዳት። ወንድሜ ጭንቅላቱን ያዘ። ጎል ያገባነው መጨረሻ አካባቢ ከማዕዘን ምት በተነሳ ግርግር ነው፤ የማን እግር እንደነካት እንኳ አልታየም። አንድ ለአንድ ወጣን።

ያቺን ጎል ከግምገማዬ ውስጥ አላስገባትም፤ ስለ አጨዋወታችን የምትነግረን ነገር የለም። የማስገባው ይህን ነው፦ የመጨረሻ ኳሳችን ደካማ ነው፤ የቀኝ ተከላካያችን ይወጣል እንጂ አይመለስም፤ ልጆቹ ሲገባባቸው ቶሎ ይደነግጣሉ። ኳሱ ግን ከተከላካይ ተነስቶ ክንፍ እስኪደርስ መሐል ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው አልነበረም። ገና ጥሩ አይደለንም። ከነበርንበት ግን ተነቃንቀናል።

ፊሽካው ተነፍቶ ለደጋፊው ካጨበጨቡ በኋላ የገራዶው ልጅ ወንድሜን አየው። ወደ አጥሩ ሮጠ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ወንድሜ ወደ አጥሩ ወረደ፣ እኔም ከኋላው። ልጆቹ ላባቸው እየተንጠባጠበ በሽቦው ማዶ ቆሙ። ከጨዋታ በኋላ የመጀመሪያውን ቃል የሚናገረው ሁልጊዜ እሱ ነበርና ጠበቁት።

«አያ፣ እንዴት ነበርን?» አለ የገራዶው ልጅ።

ወንድሜ ብዙ የሚለው ነበረው። ጨዋታውን በሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ ሲያጉተመትም ሰምቼዋለሁ።

«አሰልጣኛችሁ እየጠበቃችሁ ነው» አለ። «ሂዱ፣ እሱ ይንገራችሁ።»

አልሄዱም።

«ሂዱ አልኩ እኮ! ላባችሁ ሊደርቅባችሁ ነው።»

አንድ በአንድ ሄዱ። የገራዶው ልጅ ወደኋላ ቀርቶ ደጋግሞ ዞሮ አየ፤ ወንድሜ ዓይኑን ወደ ሌላ አቅጣጫ አደረገበት። በመጨረሻ እሱም ሄደ።

ወንድሜ ሽቦውን እንደያዘ ሜዳው ባዶ እስኪሆን ቆመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና የቀኝ ተከላካዩ ለምን እንደማይመለስ ያስረዳኝ ጀመር፤ ቤት እስክንደርስም አላቆመም። እኔ ደግሞ ጥፋቱ የተከላካዩ ሳይሆን ከፊቱ ያለው ሰው ነው ባይ ነኝ። አልተስማማንም።