አንዴ ይቆዩ

ነርስ ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩት ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ጤና ጣቢያ ነበር። ዘመኑ ደርግ ነው። ኩታበር ስላደግሁ ብርዱ አልከበደኝም፤ የከበደኝ ሰው ማዘዝ ነው። በመርፌ ክፍሉ ከእኔ ሥር የሚሠሩት ሁለቱም በዕድሜ እናት አባት ይሆኑኝ ነበር። አንደኛው በጃንሆይ ጊዜ ቁስል ማጠብ የጀመሩ ሽማግሌ ድሬሰር ናቸው። ሌላዋ የጽዳት ሠራተኛችን ናቸው፤ ወለሉን ያጥባሉ፣ መርፌና ስሪንጁን በላምባ ምድጃ ይቀቅላሉ፣ ውጭ ተራ የሚጠብቀውን ሰው ደግሞ «አብሽር፣ ይሻልሃል» እያሉ ያጽናናሉ። ድሬሰሩን አንቱ እላቸው ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋን ግን፣ ሁሉም እንደሚያደርገው፣ አንቺ።

እንዳይንቁኝ ስለፈራሁ ኮስተር አልኩ። በመጣሁ በሁለተኛው ወር ይመስለኛል፣ አንዲት ሕፃን ልወጋ ስል የጽዳት ሠራተኛዋ ከምድጃው አጠገብ ሆነው፣ «ሲስተር፣ ይቺ ልጅ ጧት የተወጋች መሰለኝ» አሉኝ። እናትየዋ ፊት ስለሆነ አፈርኩ።

«አንቺ ምድጃሽን ጠብቂ» አልኳቸው።

ካርዱን ሳየው ልጅቱ አልተወጋችም፤ የጧቷ ሌላ ነበረች። ትክክል በመሆኔ ደስ አለኝ። ከዚያን ቀን በኋላ ሴትዮዋ ስለ በሽተኛ መናገር ተዉ። እኔም ዝምታቸውን ሥርዓት ብዬ ቆጠርኩት።

የኔታ የመጡት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። በአቅራቢያችን ካለው ደብር ዜማ የሚያስተምሩ፣ አገሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው ነበሩ። ተማሪዎቻቸው በወሳንሳ ተሸክመው አመጧቸው፤ ሴት ልጃቸውም አብራ መጣች። ያተኩሳቸዋል፣ ጎናቸውን ይወጋቸዋል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ኃላፊያችን፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ጤና መኮንን ነበሩ፤ የየኔታን ደረት አዳምጠው የሳንባ ምች ነው አሉና ፔኒሲሊን አዘዙ።

አስታማሚ መርፌ ክፍል አይገባም የሚል ደንብ ነበረኝ። ልጃቸውን በሩ ላይ መለስኳት። «ሲስተር፣ አንድ ነገር…» ስትል፣ «በኋላ» አልኳት። የኔታን እንኳ፣ ከዚህ በፊት ተወግተው ያውቃሉ ወይ፣ ሳይስማማዎት ቀርቶ ያውቃል ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ሳሉ ሁለት ቃል አያስቀጥላቸውም፤ ውጭም ሰልፉ ረዝሟል። ሳልጠይቅ ወጋኋቸው።

የኔታ መጀመሪያ መዳፋቸውን ማከክ ጀመሩ። ወዲያው ከንፈራቸው አበጠ፣ ፊታቸው በላብ ተጠመቀ፣ ዐይናቸው ተገለበጠ። የልብ ትርታቸውን በእጃቸው አንጓ ላይ ብፈልግ አጣሁት። የሚያድናቸው አድሬናሊን ነው። እሱ ያለው ባለመስተዋቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ በንብረት ክፍሉ ሰውዬ ኪስ ነው፤ ሰውዬው ደግሞ ቀበሌ ስብሰባ ሄዷል። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ሽማግሌው ድሬሰር ጋዋናቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ ጠቀለሉና መስተዋቱን በክርናቸው መቱት።

«ልጄ፣ እግራቸውን ከፍ አድርገሽ ያዢ» አሉኝ። ያዝኩ። እሳቸው አድሬናሊኑን ወጓቸው።

ምን ያህል ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። የኔታ እንደ መቃተት አሉ፤ ቀጥሎ የእጃቸው ትርታ እንደ ክር ቀጥኖ ተመለሰ። ቀና ስል የጽዳት ሠራተኛዋ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብለው ያለቅሳሉ።

«ምን ሆንሽ?» አልኳቸው።

«አውቄ ነበር። ልጃቸው ውጭ ነግራኝ ነበር። አምና ሌላ አገር ይኸው መርፌ ሊገድላቸው ነበር አለችኝ። ልነግርዎት በሩ ድረስ መጣሁ። ስሪንጁን ይዘው ሳይዎት አፌ ተሳሰረ።»

«ለምን?» አልኩ፣ መልሱን እያወቅሁት። ተነሥተው ስብርባሪውን መጥረግ ጀመሩ።

የኔታ ተኝተው ታከሙ፤ በሌላ መድኃኒት የሳንባ ምቹ ለቀቃቸው። እኔን ግን፣ ሴትዮዋን ዝም ያሰኘኋቸው ትክክል በሆንኩበት ቀን መሆኑ ነበር የሚያብሰለስለኝ።

በሳምንቱ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። በዚያን ጊዜ ስሕተት ከአሻጥር ብዙም አይርቅም ነበርና የተሳሳተ ሰው ይደብቃል፤ ያየም አላየሁም ይላል። ከከተማ የመጣው ወጣት ካድሬ ደብተሩን ገልጦ ሁለት ነገር ጠየቀ፤ በሽተኛው እንዴት ለሞት እንደተቃረቡና የመንግሥት ንብረት የሆነው መስተዋት በማን ፈቃድ እንደተሰበረ። የጽዳት ሠራተኛዋ ከኋላ ተቀምጠው የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ሲያፍተለትሉ አየኋቸው። ዝም ብል ነገሩ እሳቸው ላይ እንደሚያርፍ ገባኝ። ተነሣሁ።

«ሳልጠይቅ የወጋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «እኚህ ሴት እያወቁ ያልነገሩኝ ስለፈሩኝ ነው። ያስፈራኋቸው እኔ ነኝ።»

ካድሬው ብዕሩን አነሣ። «እንግዲህ ይህ አሻጥር ነው ወይስ ቸልተኝነት?»

ኃላፊያችን እጃቸውን አወጡ። «ጓድ፣ ከመጻፍህ በፊት የእኔንም ጨምርበት። ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ እንዲቀመጥ ያዘዝኩ እኔ ነኝ። ካርዱ ላይ የማይስማማ መድኃኒት የሚጻፍበት ቦታ ያላበጀሁ እኔ ነኝ። እሷን ብቻ ብትቀጧት ነገ ሌላው ይደብቃል። የተደበቀውን ደግሞ እኔ ላስተካክለው አልችልም።»

ካድሬው «ስለ መስተዋቱስ?» አለ። ሽማግሌው ድሬሰር ከተቀመጡበት፣ «መስተዋቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ነገም እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ እሰብረዋለሁ» አሉ። ሰው ሳቀ፤ ካድሬውም ሳይወድ ፈገግ አለ። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ቁም ሣጥኑ በጣውላ ተመታ፣ አድሬናሊኑም ከዚያ ወጥቶ መርፌ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ፣ ንጹሕ ጨርቅ ለብሶ በትሪ ተቀመጠ።

ወር ሳይሞላ ኃላፊያችን ቢሯቸው አስጠሩኝ። በየገጠሩ ክሊኒክ የሚሠሩ ጤና ረዳቶች ለስልጠና ሊመጡ ነው።

«አንቺ ታስተምሪያቸዋለሽ» አሉ።

«እኔ? ሰው ልገድል ለጥቂት የተረፍኩት?»

«እነሱም ለጥቂት ሳይተርፉ አይቀሩም። ልዩነቱ አንቺ ተናግረሻል።»

ሰልጣኞቹ ከደጎሎ በኩል በጭነት መኪና፣ ከማሻ በኩል በበቅሎና በእግር መጡ። የተዋስነው ክፍል የትምህርት ቤት ነበር፤ ትልልቆቹ ሰዎች በልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። በመጀመሪያው ቀን፣ «በሥራ ላይ ተሳስቶ የሚያውቅ?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ፣ «ሲስተር፣ ይኼ የሚጻፍ ነገር ነው?» አለኝ። አይጻፍም አልኩና የራሴን ነገርኳቸው፤ ስለ ምድጃው የተናገርኩትን ሳይቀር። 

ከማሻ ወዲያ ካለች አንዲት ክሊኒክ የመጣ፣ ጎልማሳ ጤና ረዳት ቀስ ብሎ ተነሣ። በአንድ ቀን ስማቸው ከነአባታቸው የሚመሳሰል ሁለት ሴቶች መጥተው የአንዷን መድኃኒት ለሌላዋ ሰጥቶ ነበር። ማታውን ትዝ ብሎት ሌሊቱን ሳይተኛ አነጋ፤ ሲነጋ ሁለት ሰዓት ተጉዞ ቤቷ ቢደርስ ሴትዮዋ ገብስ ታጭዳለች፤ መድኃኒቱን ገና አልነካችውም። «ለማንም ተናግሬው አላውቅም» አለ። «ለሚስቴም።» ከዚያ በኋላ ሌላው ተነሣ፣ ሌላውም ተከተለ።

በሦስተኛው ቀን የኔታን ጋበዝኳቸው። ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም፤ መጡ። ወንበር ላይ ተደላድለው ከተቀመጡ በኋላ፣ «ይቺ ልጅ ናት ልትገድለኝ የነበረች» ብለው ጀመሩ፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤

«እኛ ዘንድ መጽሐፍ ሲነበብ አንባቢው ቢስት፣ የሰማው እዚያው ያቃናዋል። የሳተው አይደለም የሚወቀሰው፤ ሰምቶ ዝም ያለው ነው። ቃሉ የአንባቢው አይደለማ! እኔን ሲያርሙኝ ደስ ይለኛል እንዳትሉ። እቆጣለሁ። እየተቆጣሁ ግን አቀናዋለሁ።»

ከዚያ ልምምድ ጀመርን። አንዱ ሊወጋ የተዘጋጀ ኃላፊ ይሆናል፣ ሌላው ከበታቹ ያለ ሠራተኛ ሆኖ ያስቆመዋል። ቀላል መስሎኝ ነበር። ሰዎቹ ግን ቃሉ ከአፋቸው አይወጣም። «ቆይ» ለልጅ ነው፤ «ተው» ጠብ ይመስላል፤ «ይቅርታ ጌታዬ፣ አንድ ነገር ለማስታወስ ያህል» እየተባለ ሲዞር ደግሞ መርፌው ገብቷል። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ሻይ ሊያቀርቡ የመጡት የጽዳት ሠራተኛችን በሩ ላይ ቆመው ሰምተው ኖሮ፣ «አንዴ ይቆዩ ቢባልስ?» አሉ።

አጭር ነው፤ ክብርም አለው። ያዝነው። ከፊት አቆምኳቸውና ሰልጣኞቹን ሁሉ በየተራ አስባሏቸው። ሲመሻሽ አብረን ዕቃ ስንሰበስብ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ዛሬ እርስዎ ነዎት ያስተማሩት» አልኳቸው። ደነገጡ።

«ኧረ ምነው ሲስተር፣ ምን አጠፋሁ?»

አንቱ ስላቸው ተቆጥቼ ያራቅኋቸው መስሏቸው ነበር። አለመቆጣቴን ለማስረዳት ብዙ ቃል ፈጀብኝ። አንቱታውን እስኪለምዱት ድረስ ወራት ወሰደ፤ መጀመሪያ ያረሙኝ ቀን ግን ከዚያም ቀደም ብሎ ነበር። የሁለት በሽተኞች ካርድ ተለዋውጦብኝ ሳልወጋ አስቆሙኝ። የኔታ እንዳሉትም ትንሽ ተቆጣሁ፤ ካርዱን ግን ቀየርኩ።

በዓመቱ ክሊኒኮቹን እየዞርኩ እንድጎበኝ ታዘዝኩ። ከማሻ ወዲያ ያለችው የዚያ ጎልማሳ ክሊኒክ ስደርስ፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠለ ደብተር አየሁ። የሆነውንና ሊሆን ሲል የተረፈውን ስሕተት ሁሉ እሱና ሁለት ረዳቶቹ ይጽፉበታል።

«ይኼን ቢያገኙብህስ?» አልኩት በቀስታ።

«አግኝተውታል» አለ። «የወረዳው ካድሬ ወስዶ አንብቦታል። የማን እንደሆነ ስም ቢፈልግ የለም። ምን እንደተሳሳተ እንጂ ማን እንደተሳሳተ አንጽፍም። ሁለት ቀን አቆይቶ መለሰልኝ።»

«ምንም ሳይል?»

«ምንም። ለነገሩ ደብተሩ እንደሚጠቅም እሱም ሳይገባው አልቀረም፤ እናቱ እዚህ ነው የሚታከሙት።»

የቅርቡን ገጽ አብረን አነበብን። የዐይን ጠብታና የቁስል መድኃኒት በአንድ ዓይነት ቡናማ ጠርሙስ ስለሚመጡ ሊለዋወጡ ለጥቂት ነው የተረፉት ይላል። መደርደሪያውን ብናየው አሁንም ጎን ለጎን ናቸው። ሰውዬው አፈረ። እኔ የቁስሉን አንሥቼ ወደ ታችኛው መደርደሪያ አወረድኩት፤ እሱ ከጠርሙሱ አንገት ላይ ቀይ ክር አሰረበት። ከዚያ በሩን ከፈተና ውጭ ፀሐይ ላይ ከተቀመጡት የመጀመሪያዋን ሴት ጠራ፤ ስሟን ከነአባቷና ከነአያቷ፣ መንደሯንም ጨምሮ።