ለዘር የተተወው ቲማቲም

ከደሴ ልወጣ ዋዜማ ማታ፣ እማዬ የቲማቲም ዘር በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። «እንግዲህ እኔ ኮንዶሚኒየም ልገባ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ምን ይተከላል? ያለኝ ይኸው ነው፤ ዘሩን እንዳታጠፋብኝ» አለችኝ። ከእናቷ የወረሰችው ነው። ታውቁታላችሁ፣ እንደ ዱባ ሽንሽን ያለው፣ አንዱ ብቻውን ቤተሰብ የሚያበላው።

ስደት ባሕር ማዶ ብቻ የሚመስላችሁ እናንተ ሞኞች ናችሁ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ሀዋሳ ስገባ ሹራቤ ሻንጣ ውስጥ እንደተቀበረ ቀረ። ሰው ሁሉ ስለ ሐይቁና ስለ ዓሣው ያወራል። ዓሣ! ገበያ ላይ ቲማቲም ብለው የሚሸጡትንማ ተዉት፤ ግድግዳ ላይ ብትወረውሩት ነጥሮ ይመለሳል።

አከራዬን እትዬ ማርታን ጓሯቸውን ስጠይቃቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«መምህር ነኝ አላልከኝም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ገበያው ሞልቶ ምን አስቆፈረህ?»

ገበያ ሲሉ ያንን ኳስ ማለታቸው ነው። ብቻ ፈቀዱ። ዘሩን ሁሉ ዘራሁት። ዝናቡ ሲበረታ ቅጠሉ እየጠቆረ አለቀ፤ አንዲት ግንድ ብቻ ተረፈች፣ እሷም አንድ ፍሬ ያዘች። በእንጨት ደገፍኳት።

ፍሬው ቀላ፤ አልቀጠፍኩትም። ለዘር የሚተው ቲማቲም እስኪልፈሰፈስ ግንዱ ላይ ይቆያል፤ ይህን እኛ ሰፈር ሕፃን ያውቀዋል። እትዬ ማርታ ግን በየማለዳው «በረከት ሲበሰብስ ዝም ብለህ ታያለህ?» ይሉኛል። «ለዘር ነው» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። «ዘር እኮ ሱቅ አለ!»

እሁድ ከቸርች መልስ እንግዶች ጠርተው እኔንም አስገቡኝ። ጠረጴዛው መሐል የቲማቲም ሰላጣ ተቀምጧል፤ ጨው፣ ሎሚና ቃሪያ ገብቶበታል። የአንዱ ቁራጭ ስፋት መዳፍ ያህላል። ጓሮ ሄጄ ማየት አላስፈለገኝም።

«ሳይበላሽብህ ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉና በእንጀራ ጠቅልለው ጉርሻ ዘረጉልኝ። እንግዶቹ ሁሉ ያዩኛል። ጉርሻ እምቢ አይባል፤ ጎረስኩ። ወይ ጣዕም! እማዬ ጓሮ የቆምኩ መሰለኝና እንባዬ መጣ። እንጀራውን ዋጥኩ፣ ዘሩን መዳፌ ላይ ተፋሁት።

እንግዶቹ እጃቸውን ከሰሃኑ ሰበሰቡ።

«ምነው፣ ተጠየፍከኝ?» አሉ እትዬ ማርታ፣ ፊታቸው ተለዋውጦ።

«ኧረ በፍጹም! ለዘር ነው።» ሰሃኑን ወደ እኔ ሳብኩና በጣቴ ዘር መልቀም ጀመርኩ።

አንድ ሽማግሌ እንግዳ አጎንብሰው «ደሴ ሰላጣ እንዲህ ነው የሚበላው?» ብለው ጠየቁኝ።

አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ እኛም በአንዱ ተጣላን። እትዬ ማርታ ሰላምታዬን እንኳ አይመልሱም። በረከት አዳንኩ ብለው የሰው ርስት ከትፈው፣ አኩራፊዋም እሳቸው!

ትናንት እማዬ ደወለች።

«ቲማቲሙ ደረሰ?»

«ደረሰ።»

«ቀመስከው?»

«ቀመስኩት፣ እማዬ። ያው ራሱ ነው።»

ሳቀች። ኮንዶሚኒየም ከገባች ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

«ዘሩስ?»

«መስኮት ላይ እየደረቀ ነው።»

«ጨው እንዳይነካው አደራ። ጨው የነካው ዘር አይበቅልም።»

«አልነካውም» አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ ዘሩን እንደገና አጠብኩት።