ጋቢና የተቀመጠው ጨው

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ በሰባዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ጂንካ ስንመለስ ነው። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን አንድ ሰው "ጨው አቀብዪኝ" ባለኝ ቁጥር አስታውሰዋለሁ። ጨው ደግሞ በቀን ስንቴ እንደሚጠየቅ ወጥ የሚሠራ ሰው ያውቀዋል።

ባለቤቴ ተስፋዬ ጂንካ ገበያ ዳር ትንሽ ሱቅ ነበረችው። ጨው፣ ላምባ፣ ምላጭና ጨሌ ይሸጣል። ደግ ሰው ነበር፤ ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። ከአሪ ተራሮች ጎደሬ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ጨው ሲገዙ እፍኝ ምራቂ ይጨምርላቸዋል። "ሱቁን በምራቂ ልትጨርሰው ነው?" እያልኩ የምቆጣው እኔ ነበርኩ።

አንድ የዝናብ ወራት መንገዱ በጎርፍ ተቆረጠና መኪና ጠፋ። ከተማው ውስጥ ጨው የተረፈው እሱ ጋ ብቻ ሆነ፤ ያውም በአጋጣሚ ነው፣ አብዝቶ ጭኖ ስለነበር። መጀመሪያ በለመደው ዋጋ ሸጠ። አንዱ ነጋዴ ግን "ሞኝ ነህ እንዴ?" አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋጋው ሽቅብ ወጣ። ሰው ለጨው ብሎ ፍየሉን እየጎተተ መምጣት ጀመረ። ዝናቡ ሲያባራ እኛ ሀብታም ሆነን ነበር። ቤታችን ቆርቆሮ ለበሰ፣ ሬዲዮ ገባ፣ ተስፋዬም የእጅ ሰዓት አሰረ።

እንቅልፉ ግን ጠፋ። ቀበሌ "ጨው ደብቀሃል" ብሎ እንዳይመጣበት ይፈራል። በሩን ቆልፎ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ቁልፉን ይነካካል። ሾፌር ሲያገኝ እንደ ሰው "እንዴት ከረምክ?" አይልም፤ "ወንዙ እንዴት ነው?" ይላል። ሞልቷል ሲሉት ፊቱ ይበራል። አልጋችን ሥር ሳይቀር ጨው ስለተደረደረ ቤቱ መጋዘን ሆኖ አስጠላኝ። እሱም አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ይነሳል፣ ሰማይ ያያል፣ ይገባል፣ መልሶ ይወጣል።

በዚያ መካከል አርባ ምንጭ እናቴ ቤት ሄጄ ሴት ልጃችንን ወለድኩ። ተስፋዬ ሊወስደኝ መጣ። ሊወስደኝ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ጨውም ሊጭን ነው። መኪናው ሞልቶ ሸራው ከታሰረ በኋላ ጥቂት ጆንያ ተረፈ። "ከላይ ዝናብ ይመታዋል" ብሎ ጋቢና አስገባው፣ እኔ የምቀመጥበት ቦታ ላይ። እኔ ልጄን ታቅፌ ጭነቱ ላይ ወጣሁ። "ትንሽ መንገድ ናት፣ ቻይው" አለኝ። ትንሽ መንገድ!

ወይጦ ስንደርስ ከፊታችን፣ በቀይ አፈር በኩል፣ ሰማዩ ጠቁሯል። ሾፌሩ "እዚሁ እንደር" አለ። ተስፋዬ ግን ሌላ ነጋዴ ጨው ጭኖ ከኋላችን እየመጣ መሆኑን ኮንሶ ላይ ሰምቶ ነበር። "ሰውዬው ከቀደመኝ አለቀልኝ" እያለ ሾፌሩን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣው። ተነሳን።

ከወይጦ ወጣ እንዳልን አንድ አሸዋማ ወንዝ አለ። ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ላይ አገር ሲዘንብ ግን ድንገት ይመጣል። መሀሉ ላይ የኋላ ጎማችን አሸዋ ውስጥ ገባ። ሾፌሩ ሲታገል ከወንዙ ራስ በኩል ድምፅ ተሰማን፤ ብዙ ከብት የሚሮጥ ይመስል ነበር። ወዲያው ውሃው ግንድ እየገፋ ደረሰ። ሾፌሩ ከጋቢናው ዘሎ እኔ ያለሁበት ጭነት ላይ ተንጠለጠለ።

ማዶ የፀማይ ከብት ጠባቂዎች ነበሩ። አንዱን አወቅኩት፤ ኦይታ ነው፣ የተስፋዬ ጃላ። ጃላ በእኛ አገር ተራ ጓደኛ አይደለም። ሲቸግርህ ከብቱን የሚነዳልህ፣ አንተም ካለህ የማትነፍገው ቤተኛ ነው። ኦይታና ሰዎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። ውሃው ደረታቸው ደርሷል።

ተስፋዬ ጋቢናው ጣሪያ ላይ ቆሞ በቋንቋቸው ጮኸባቸው።

"መጀመሪያ ጨዉን! ጋቢና ያለውን አውጡ!"

ሾፌሩ ቋንቋውን አያውቅም። እኔ ግን ሱቅ ስውል ለምጄዋለሁ።

ኦይታ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ፣ ሁላችንም እንድንሰማ ነው መሰለኝ፣ በተሰባበረ አማርኛ መለሰለት። "አንተ ዝም በል። ጨው አሁን ውሃ ነው።" ወደ እኔ ዞሮ እጁን ዘረጋ። "ልጅ ስጠኝ። አትፍራ። እኔ አልለቅም።"

ሰጠሁት። ልጄን ከራሱ በላይ ይዞ ሲሄድ፣ እግሩ በተንሸራተተ ቁጥር ነፍሴ ወጥታ ትመለሳለች። ማዶ ከደረሰ በኋላ ስታለቅስ ሰማኋት። እንደዚያ ደስ የሚል ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ቀጥለው እኔንና ሾፌሩን አወጡን። ተስፋዬ አልወጣም አለ።

ውሃው ሲጎድል አብዛኞቹ ጆንያዎች አፋቸው እንደታሰረ ሟሽሸው ነበር። ተስፋዬ አንድ በአንድ እያነሳ ያራግፋቸዋል፤ ወደ እኛ አልመጣም። ሾፌሩ "ምን ብሎ ነበር የጮኸው?" ሲለኝ "ቶሎ ድረሱ ነው ያላቸው" አልኩት። አፈርኩለት።

በማግስቱ ልጄን አዝዬ ወደ እናቴ ተመለስኩ። ተስፋዬ ሬዲዮውንም ሰዓቱንም ሸጦ እንደገና ጨው ጫነ፣ እንደገና ከሰረ። በመጨረሻ ቤቱም ሄደ። ኦይታም ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጠም አሉ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አርባ ምንጭ መጣ። ከስቷል፤ ተቀምጦም ዓይኑ አያርፍም። ልጅቷን ጭኑ ላይ አድርጎ ፀጉሯን ሲዳብስ ቆየ። ይቅርታ ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

"ያን ቀን ተቀየምሽኝ" አለኝ። "እስቲ አስቢው። ልጅቷ አንቺ ነበርሽላት። ጨዉስ ማን ነበረው?"

የቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። ከልቡ ነው። ወንዙ ላይ ያላለቀስኩትን ያን ጊዜ አለቀስኩ።

አሁን በሕይወት የለም፤ ቂምም አልያዝኩበትም፤ አዝንለታለሁ። ልጄ ከአባቷ የምታስታውሰው ያን ቀን ጭኑ ላይ መቀመጧን ብቻ ነው። እንደዚያው ይቅርላት ብዬ እዚህ ላይ ስሞቹን ሁሉ ቀይሬያለሁ።